የኖራው መሐንዲስ ሉዊ ቪካ (1786–1861 እ.ኤ.አ.)

በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ወረዳ ቤት ለመሥራት ሲሚንቶ የሚገዛ ሰው በከረጢቱ ላይ ፒፒሲ ወይም ኦፒሲ የሚል ጽሑፍ ያገኛል። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት የፈረንሳዊውን መሐንዲስ የሉዊ ቪካን የሕይወት ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

ቪካ በ1786 እ.ኤ.አ. በኔቬር ከተማ ተወለደ። በፓሪስ የምሕንድስና ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ በ1812 በሱያክ ከተማ የዶርዶኝን ወንዝ የሚያሻግር ድልድይ እንዲሠራ ተመደበ። የገንዘብ እጥረት ሥራውን ሲያጓትተው ጊዜውን በኖራ ምርምር አሳለፈው።

ንጹሕ ኖራ የሚጠነክረው አየር ሲያገኝ ነው፤ በውሃ ውስጥ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ከአንዳንድ ስፍራ የሚወጣ ኖራ ደግሞ በውሃ ውስጥም ይጠነክራል። ቪካ የልዩነቱ ምክንያት ከኖራ ድንጋዩ ጋር የተቀላቀለው ሸክላ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያም ኖራንና ሸክላ አፈርን መጥኖ በመቀላቀልና በማቃጠል በውሃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ ራሱ ሠራ። የእሳተ ገሞራ አመድንና የተቃጠለ ሸክላንም ከኖራ ጋር እየቀላቀለ ፈትኗል። ውጤቱን በ1818 አሳተመ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 የፖርትላንድ ሲሚንቶን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ፣ ቪካ ግን ግኝቱን ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት አድርጎ ተወው። ከድልድዩ ይልቅ የሚያስመሰግነው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በአገራችን ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከዚሁ ዕውቀት ጋር ይዛመዳል። ፓሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ ሲጨመርበት፣ በ1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቃጠለው ክሊንከር መጠኑ ይቀንሳል፤ ወደ አየር የሚለቀቀው ካርቦንም አብሮ ይቀንሳል። ፓሚሱ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ከሚፈጠረው ኖራ ጋር የሚጣመረው ቀስ በቀስ ነው። በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የፒፒሲ ጥንካሬ ከኦፒሲ ያነሰ ነው፤ እርጥበት ካላጣ ግን ከ28 ቀናት በኋላም መጠንከሩን ይቀጥላል። ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ወይም ድጋፉ ያለጊዜው የተነሣበት ሶሌታ ሊሰነጠቅ፣ ሊደረመስም ይችላል። ስለዚህ ተገልጋዮች ለምሰሶና ለሶሌታ የሚውለውን የሲሚንቶ ዓይነት፣ ውሃ የሚጠጣባቸውን ቀናትና ድጋፉ የሚነሣበትን ጊዜ ከግንባታው ባለሙያ ጋር አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል።

ቪካ በ1861 በግሬኖብል አረፈ። ስሙ በኤፍል ማማ ላይ ከተጻፉት 72 ስሞች አንዱ ነው። በስሙ የሚጠራው መርፌም ዛሬ ድረስ በቤተ ሙከራዎች ያገለግላል፤ 300 ግራም ክብደት ተጭኖበት በተለወሰ ሲሚንቶ ላይ ሲለቀቅ ምን ያህል እንደሚሰርግ እየታየ ሲሚንቶው የሚይዝበት ጊዜ ይለካል።