ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተሰማው ሰው፤ የሳን ፍራንሲስኮው ፖል ዴዝመንድ

ዛሬ ከፖለቲካው ግርግር ትንሽ ዞር እንበልና እዚሁ ቤይ ኤሪያ ስለበቀለ አንድ ሙዚቀኛ እናውራ። ስሙን የማታውቁት ትኖሩ ይሆናል፤ ዜማውን ግን ካፌ ውስጥም ይሁን ፊልም ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። ሰውየው ሳክስፎኒስቱ ፖል ዴዝመንድ ነው፤ ዜማውም «ቴክ ፋይቭ»።

ዴዝመንድ የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1924 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። የቤተሰቡ ስም ብራይተንፌልድ ነበር፤ ዴዝመንድ የተባለው ካደገ በኋላ ነው። አባቱ ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። እናቱ ታማሚ ስለነበሩ ልጁ ገና በለጋነቱ ኒው ዮርክ አጠገብ ወዳሉ ዘመዶች ተላከ። ዘመድ ቤት ማደግ ምን እንደሆነ መቼም ለኛ ሰው አይነገርም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክላርኔት ተማረ። በ1943 ለውትድርና ተጠራ፤ ዕድል ሆኖ ግን ግንባር አልሄደም፤ የተመደበው እዚያው ፕሬዚዲዮ በነበረው የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ነው። ከኮንኮርዱ ልጅ፣ ከፒያኒስቱ ዴቭ ብሩቤክ ጋርም የተዋወቀው በዚሁ የውትድርና ዘመን ነው።

አሁን ወደ ኦክላንድ እንሻገር። በ1940 ናዚ ፈረንሳይን ሲወር አይሁዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዳርዩስ ሚዮ አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ማረፊያቸው ኦክላንድ ሚልስ ኮሌጅ ሆነ። እኚህ ሰው በአውሮፓ የታወቁ የክላሲካል ሙዚቃ ሊቅ ነበሩ፤ ግን ጃዝን አልናቁም። ብሩቤክ ከጦርነቱ በኋላ እሳቸው ዘንድ ሊማር ሲገባ ጃዙን ትቶ እንደ አውሮፓውያን እንዲጽፍ አልነገሩትም፤ ይልቁንም የአገሩን ሙዚቃ አጥብቆ እንዲይዝ መከሩት። የራሱን አገር ያጣ ስደተኛ ለባለአገሩ ልጅ ያለህን አትጣል አለው ማለት ነው።

በዚያ ክፍል ዙሪያ ስምንት ወጣቶች ተሰባስበው ባንድ አቋቋሙ፤ ዴዝመንድም አንዱ ነበር። ፉጋ የሚባለውን የባህን ዘመን አጻጻፍ ከጃዝ ጋር አዋሐዱት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ መሣሪያ ዜማ ይጀምራል፤ እሱ ሳያቆም ሌላው ያንኑ ዜማ ተቀብሎ ይከተላል፤ ሁለቱም አብረው ይጓዛሉ፣ ግን አንዱ ሌላውን አይውጠውም። ዴዝመንድና ብሩቤክ ይህንን በኋላ መድረክ ላይ፣ ያለ ወረቀት፣ እዚያው እየፈጠሩ ይጫወቱት ነበር። እንዲህ ለመጫወት ደግሞ ከጣት ፍጥነት በላይ ጆሮ ያስፈልጋል።

ታዲያ ጓደኝነታቸው ሁሌም ሰላም አልነበረም። አንድ ጊዜ ዴዝመንድ ሥራ ይዞ ሲሄድ ብሩቤክን ያለ እንጀራ ጥሎት ሄደ። ብሩቤክ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበርና ክፉኛ ተቀየመ፤ ሰውየው ደጄን እንዳይረግጥ ብሎ ለሚስቱ እስከ መናገር ደረሰ። ዴዝመንድ ግን ጥፋቱን አምኖ መጣ። ልጆች እጠብቃለሁ፣ መኪናም አጥባለሁ እያለ ለመነ። ታረቁና በ1951 ታዋቂውን ኳርቴት መሠረቱ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመትም አብረው ዘለቁ። ያ እርቅ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናወራው ዜማ ባልኖረም ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮ ብላክ ሆክ በሚባለው ክለብ ሥራቸውን አጠነከሩ፤ ከዚያ በየኮሌጁ እየዞሩ ወጣቱን ማረኩ። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋች የቻርሊ ፓርከርን ፍጥነትና እሳት ሊከተል ይሮጥ ነበር። ዴዝመንድ አልሮጠም። ድምፁን ቀጭን፣ ለስላሳና ንጹሕ አደረገው። ሰው ሁሉ ሲጮህ እሱ ዝቅ አለ፤ አዳራሹም ሊሰማው ጸጥ አለ።

«ቴክ ፋይቭ» የተቀዳው በ1959 ነው። የተለመደው ጃዝ በአራት ምት ሲቆጠር ይሄኛው በአምስት ይቆጠራል። ዴዝመንድ የጻፈው የከበሮ መቺውን የጆ ሞሬሎን ችሎታ ለማሳየት እንጂ ዝና ይመጣል ብሎ አልነበረም። በ1961 ግን በአሜሪካ የፖፕ ሠንጠረዥ 25ኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ለጃዝ ብርቅ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ኳርቴቱ ከሌናርድ በርንስታይንና ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር አንድ ላይ ተጫውቶ ሥራውን በሸክላ አስቀርጿል።

በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራውን በሳክስፎን እያስጮኸ ነበር። የኛው ሳክስፎን እንደ ጀግና ሲያገሳ የሳን ፍራንሲስኮው ያንሾካሹካል። ሁለቱም ግን በጆሯቸው ያደገውን ሳይጥሉ ነው አዲስ ነገር የፈጠሩት።

ኳርቴቱ በ1967 ተበተነ። ዴዝመንድ ሲጋራ አጥብቆ ያጨስ ነበርና የሳንባ ካንሰር ያዘው፤ ሜይ 30 ቀን 1977 ኒው ዮርክ ውስጥ በ52 ዓመቱ አረፈ። ልጅ አልነበረውም። ኑዛዜው ሲከፈት የ«ቴክ ፋይቭ»ና የሌሎች ድርሰቶቹ ገቢ ለአሜሪካ ቀይ መስቀል እንዲሰጥ አዟል። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ በዓመት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ሲያገኝ ቆይቷል። ያ ዜማ በተከፈለበት ቁጥር ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ጎርፍ ለወሰደበት ሰው አንድ ነገር ጠብ ይላል ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ እኛ በየሚዲያው ማን የበለጠ ጮኸ እየተባባልን ነው የምንውለው። ይህ ሰው ግን ጓደኛውን በደለ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሌላውን እየሰማ ተጫወተ፣ ሲሄድም ለማያውቃቸው ሰዎች ትቶ ሄደ። ኦክላንድም ሳን ሆዜም ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ባንድ ሳክስፎን ይዞ ቤት ሲመጣ በጫጫታው አትቆጡ። አጠገቡ ቁጭ በሉና አንድ የጌታቸውን፣ አንድ የዴዝመንድን አሰሙት።