ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ተማሪዎች፣ ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ ቦንጋን ካለፈ በኋላ የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። ከቴፒ ተነሥቶ በማሻ በኩል ወደ ሰሜን የሚያቀና ደግሞ ጎሬ ከተማ ይደርሳል። ከእናንተ መካከል እነዚህን መንገዶች የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ። ነገር ግን ስለ አገር ነጻነት የተዋጉ ወጣቶች በእነዚሁ ስፍራዎች እንዳለፉ፣ ከእነርሱም መካከል አንዲት የሃያ ዓመት ወጣት ሴት እንደ ነበሩ የምታውቁ ምናልባት ጥቂቶች ትሆናላችሁ። እኒህ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የውጭ አገር ቋንቋዎችን የሚያውቁና በመንግሥት ሥራ የታወቁ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ትምህርት ለሴት ልጅ ያስፈልጋል ብሎ የሚያምን ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ሴት ምንም ያህል ብታውቅ ነገሩ በወንድ ያልቃል የሚለው ተረት በየቤቱ ይነገር ነበር። ከንቲባ ገብሩ ግን ሴቶች ልጆቻቸውን አስተማሩ። ስንዱም ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ሥነ ጽሑፍ አጥንተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በውጭ አገር ቋንቋ ፌሚኒዝም የሚባለው አስተሳሰብ ሴትና ወንድ በሰውነታቸው እኩል ስለ ሆኑ በትምህርት፣ በሥራ፣ በትዳርና በአገር አስተዳደር እኩል መብት ሊኖራቸው ይገባል የሚል ነው። ሴት ከወንድ ትብለጥ ወይም ወንድ ይዋረድ ማለት አይደለም። ይህ አስተሳሰብ በአንድ ቀን አልተወለደም፤ በአንድ አገርም አልተወሰነም። በየአገሩ ደረጃ በደረጃ ያደገ ነው። የወይዘሮ ስንዱ ሕይወት እነዚህን ደረጃዎች አንድ በአንድ ያሳየናል።

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወርሮ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ብዙ አርበኞች ወደ ምዕራብ ሄዱ። ጎሬም የአገሪቱ መንግሥት ለጥቂት ወራት የተጠጋባት ከተማ ሆነች። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ስንዱም ወደ ጎሬ ሄደው ከእነዚህ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ቁስለኞችንም በመርዳት አገለገሉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት የጥቁር አንበሳ ተዋጊዎች በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት ተከብበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ስንዱም በጠላት እጅ ወደቁ። ከዚያም ከብዙ መቶ ኢትዮጵያውያን ጋር አዚናራ ወደምትባለው የኢጣልያ ደሴት ተግዘው ታሰሩ።

አስተውሉ። ጠላት ስንዱን ሲያስር ሴት ናቸው ብሎ አልማራቸውም። ቁስለኛውም ቁስሉ ሲታጠብለት የአጣቢዋን ሴትነት አልጠየቀም። የኢትዮጵያ ሴት በመብት ከወንድ እኩል ከመሆኗ አስቀድማ በመከራ እኩል ሆና ነበር። ሸዋረገድ ገድሌና ከበደች ሥዩምም በሌላ ግንባር ያደረጉት ተጋድሎ ይህንኑ ያረጋግጣል። ነገር ግን ጦርነቱ ሲያልቅ ሸክሙን እኩል የተሸከመች ሴት መብቱንም እኩል አገኘችን?

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ወይዘሮ ስንዱ የመረጡት ሥራ ማስተማር ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኘውን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ለመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ቲያትሮችም ደረሱ። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ሥራቸውን አሳተሙ። በሕዝብ ፊት መናገር ለሴት ልጅ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ ቆማ ስለ አገሯ ስትናገር ማየት ለተመልካቹ ራሱ ትምህርት ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ተፈቀደ፤ ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ። በሕዝብ ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እሳቸው ናቸው። በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው እሳቸው የተማሩባት ስዊዘርላንድ ለሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የፈቀደችው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እንግዲህ የሴቶች መብት ከውጭ አገር ተገዝቶ የመጣ ዕቃ ነው የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ሆኖም እውነቱን መደበቅ አይገባም። በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ዋናው ሥልጣንም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ የምክር ቤት አባል በነበሩበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ራስ ባል ነው ብሎ ደንግጓል። ለጋብቻም ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት ግን 15 ዓመት በቂ ነው ይል ነበር። አንዲት ሴት በምክር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለ ሌላዋ በቤቷ የበታች ሆና ቀረች ማለት ነው። ይህ የተለወጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስትን በትዳራቸው እኩል አደረገ፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው።

ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤት በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በጀርመን አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተዋል። በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ። በዚያን ጊዜ ከእናንተ አብዛኞቻችሁ ገና አልተወለዳችሁም ነበር። የተለወጠውን ሕግ ግን በሕይወት ሳሉ አይተውታል።

ተማሪዎች፣ አሁን ወደ ራሳችሁ አገር ተመልከቱ። ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ወራት ከቅርጫቱ ጋር ጎንበስ ቀና የሚሉት እጆች የማን እንደ ሆኑ ታውቃላችሁ። ቡናውን የሚያሰጡት፣ የሚለቅሙትና የሚያፈሉት እናቶቻችሁና እኅቶቻችሁ ናቸው። ቡናው ከተሸጠ በኋላ ግን ገንዘቡን የሚቀበለው ማነው? በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነውስ ማነው? የለቀማው ወራት ሲደርስ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ወንዱ ነው ወይስ ሴቷ? በእኩል መልቀም አለ፤ በእኩል መወሰን አለን? በጎሬና በጎጀብ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም በቡናው ጥላ ሥር ይጠየቃል። ሕግ በሩን ይከፍታል፤ በበሩ መግባት ግን የሰው ሥራ ነው። ሴቷ ተማሪ ደብተሯን ባለመተው፣ ወንዱ ተማሪ የውኃውን እንስራና የእኅቱን ሸክም በመጋራት ይህን ሥራ ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ።

እንግዲህ ምንባቡን ደግማችሁ ካነበባችሁ በኋላ በምትኖሩበት አካባቢ ሥራዋ ታይቶ መብቷ ያልታየላትን አንዲት ሴት አስቡ። ስሟን ሳትጠቅሱ፣ ከልጅነቷ አንሥታችሁ እስከ ዛሬ ያለፈችበትን ሕይወት በቅደም ተከተል፣ ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ድርሰት ጻፉ።