ምስክሩን የሸሸገ መንገደኛ

በዓይኔ አይቻለሁ ያለ ሰው ማስረጃ ሲጠየቅ እንደ ተሰደበ ይቆጥረዋል። ይህ ጠባይ በእኛም ክርክር የማይጠፋ ስለሆነ፤ የጄምስ ብሩስን ታሪክ ለአንባቢያችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 በእስኮትላንድ፤ ኪኔርድ በተባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ከሠራ በኋላ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በ1769 ምጽዋ ገባ፤ በማግሥቱም ዓመት መጀመሪያ ጎንደር ደረሰ። ሰዉ ያጉቤ ይለው ነበር። በቤተ መንግሥት በፈንጣጣ የታመሙትን በማስታመሙ በእቴጌ ምንትዋብና በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ሞገስ አገኘ። በኖቬምበር 4 ቀን 1770 በሰከላ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ቆመ።

በ1774 ለንደን ሲመለስ ግን ብዙ ሰው አላመነውም። በተለይ ሰዎች ከቁም ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱ መሳቂያ አደረገው። (ለጥሬ ሥጋውስ የእኛ አንባቢ ምስክር አያሻውም፤ የቁም ላሙ ነገር ሌላ ነው።) ብሩስ ተቆጥቶ ወደ ርስቱ ገባ፤ መጽሐፉንም በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመርምር። ብሩስ እኮ ባዶ እጁን አልተመለሰም። በአውሮጳ ከቁርጥራጭ በቀር ጠፍቶ የነበረውን መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ሙሉውን ይዞ ሄዷል። ይህን ለመቀበል ብሩስን ማመን አያስፈልግም ነበር፤ ግዕዝ የሚያውቅ ገልጦ ማንበብ ይችላል። እንዲያውም ኦክስፎርድ ከገባው ቅጂ ሎረንስ የተባለ ሊቅ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞታል።

ለግሽ ጉዞውም ምስክር ነበረው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት ነበር፤ የመንገዱንም ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ሐሰተኛ ለተባለ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ብሩስ ግን ባሉጋኒ ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ሰውየው ጎንደር ላይ የሞተው ከግሽ ከተመለሱ በኋላ፤ በ1771 ነው። ሥዕሎቹንም ብሩስ የራሱ አስመሰላቸው።

ደግሞም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር በ1618 ከዚያው ምንጭ ደርሶ አይቶ ጽፏል። ቃሌን ለምን አላመናችሁም እያለ የሚቆጣው ብሩስ የፓኤዝን ጽሑፍ ሐሰት ነው አለ። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱንም ያደረገው በአንድ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያውና ብቸኛው ለመባል። ግን ክብሩን ሊካፈሉ የሚችሉት እነዚህ ሰዎች ነገሩን ሊያጸኑለት የሚችሉትም ነበሩ።

ብሩስ በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲወጣ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹ ሲመረመሩ፤ በባሉጋኒ እጅ የተጻፈው የግሽ መንገድ ማስታወሻ ከመካከላቸው ተገኘ።