ቤርታ ቤንዝ እና ሦስቱ ጥገናዎች

በእኛ ዲፓርትመንት ሁለት ሰው ቡና ይዞ ከተቀመጠ የማይቀር ክርክር አለ፤ መኪና ለሰርቪስ ካምፓኒ ይግባ ወይስ ውጭ ጋራዥ? ካምፓኒ ስንል የአምራቹን ወኪል ማለታችን ነው። አንዱ ወገን የካምፓኒን ውድነትና ወረፋ ይዘረዝራል፤ መኪናውን የፈታውን ሰው ፊቱን እንኳ ሳያይ ሂሳብ ከፍሎ መውጣቱ ያበሳጨዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ከውጭ ጋራዥ ብሎን ጎድሎት የወጣውን፣ ኦሪጅናል ተብሎ ፎርጅድ የተገጠመለትን መኪና ይቆጥራል። ክርክሩ ደወል ሲደወል ይቆማል እንጂ አያልቅም።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን በአንዲት ሴት ሕይወት በኩል ላየው ፈለግሁ። ሴትየዋ ቤርታ ቤንዝ ትባላለች። ስሟ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው መኪና ረጅም መንገድ በመንዳት ቀዳሚ መሆኗ ነው። ለእኛ ለአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ግን ከዚያ የሚበልጥ ቁም ነገር አላት ባይ ነኝ። ቤርታ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶባት፣ ራሷም ጠግና፣ በባለሙያም አስጠግና ቤቷ የገባች ሴት ናት። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትዳር

ቤርታ ሪንገር የተወለደችው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ፎርዝሃይም በምትባል ከተማ፣ ግንቦት 3 ቀን 1849 ነው። አባቷ አናጢና ግንበኛ ነበሩ፤ በእጃቸው ሠርተው ሀብት ያፈሩ ሰው ናቸው። ቤርታ ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ትወድ እንደነበር ይነገርላታል።

ካርል ቤንዝ የባቡር ነጂ ልጅ ነው። አባቱ የሞቱት ገና ሕፃን ሳለ ስለነበር እናቱ ተቸግረው ነው ያስተማሩት። በካርልስሩኸ ፖሊቴክኒክ ሜካኒካል ምሕንድስና ተምሮ በ1871 ማንሃይም ከተማ ውስጥ ከአንድ ሸሪክ ጋር ወርክሾፕ ከፈተ። ሸሪኩ አውጉስት ሪተር አላዋጣ አለው፤ ወርክሾፑ ሊዘጋ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ገና እጮኛው የነበረችው ቤርታ ለትዳሯ የተመደበላትን ገንዘብ ከአባቷ ቤት አስቀድማ አስወጣችና የሪተርን ድርሻ ገዝተው አሰናበቱት። ሐምሌ 20 ቀን 1872 ተጋቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት የችግር ዘመን ነበር። ልጆች ተወለዱ፣ ዕዳ በዛ። በ1879 የአውሮፓውያን ዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ ግን ካርል ሲደክምበት የኖረው ቱ ስትሮክ ሞተር ተነሳ፤ ቤርታም አብራው ቆማ ነበር። በ1883 ቤንዝ ኤንድ ካምፓኒ ተመሠረተ፤ ጥር 29 ቀን 1886 ለባለ ሦስት እግሩ መኪና ፓተንት ተጠየቀ። ቁጥሩ 37435 ነው። ሞተሩ አንድ ሲሊንደር፣ 954 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ አንድ ፈረስ እንኳ የማይሞላ፣ 0.75 ነበር። ገንዘቧ ያለበት ሥራ ቢሆንም ፓተንቱ የወጣው በእሷ ስም ሳይሆን በቤንዝ ኤንድ ካምፓኒ ስም ነው።

የ1888ቱ መንገድ

መኪናው ተሠራ፤ ገዢ ግን የለም። ሰዉ ያለ ፈረስ የሚሄድ ነገር አይቶ ይገረማል እንጂ ገንዘቡን አያወጣም። ካርል ደግሞ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት የማይወድ፣ ዘወትር አንድ ነገር ካልነካሁ የሚል ዓይነት ሰው ነበር። ቤርታ የገባት ነገር ቀላል ነው፤ ገዢው የሚፈራው የመኪናውን ፍጥነት ሳይሆን መንገድ ላይ ቢቆም ምን እንደሚያደርግ አለማወቁን ነው።

በነሐሴ 1888 አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ የ15 ዓመቱን ኦይገንንና የ13 ዓመቱን ሪቻርድን ይዛ ከማንሃይም ተነሳች። የምትሄደው ወደ ትውልድ ከተማዋ ፎርዝሃይም ነው። መንገዱ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። አስፋልት የለም፣ ማደያ የለም፣ ጋራዥ የለም። ያለው የጋሪ መንገድ ነው።

ነዳጁ አልበቃ ሲል ቪስሎህ የምትባል ከተማ መድኃኒት ቤት ገብታ ሊግሮይን ገዛች፤ ሊግሮይን ያን ጊዜ ልብስ ለማጽዳት የሚሸጥ ቀላል የነዳጅ ዓይነት ነው። ያ መድኃኒት ቤት ዛሬም የዓለም የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ እየተባለ ይጎበኛል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ውኃው እየተነነ ስለነበር በየመንገዱ ውኃ መጨመር ነበረባቸው። አቀበት ላይ ጉልበት ሲያንሰው እየወረዱ ገፉት። ማታ ፎርዝሃይም ሲደርሱ ቤርታ በሰላም መድረሳቸውን ለካርል በቴሌግራም አሳወቀች። ከጥቂት ቀን በኋላም በዚያው መኪና ተመለሱ።

ሦስት ዓይነት ጥገና

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። የዚያን ጉዞ ብልሽቶች ለየብቻ ብንዘረዝራቸው በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ራሷ የጠገነችው ነው። የነዳጅ መስመሩ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፤ የኢግኒሽኑ ሽቦ ተልጦ ሾርት ሲያደርግ በካልሲ ማሰሪያ ላስቲኳ ሸፈነችው ይባላል። ዛሬ ይህ ዘይት መለካት፣ ፊልትሮ ማራገፍ፣ የባትሪ ተርሚናል መጥረግ ከምንለው ጋር አንድ ነው። ባለቤቱ መኪናውን ካወቀ የትም መሄድ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው በየመንገዱ ያገኘቻቸው ባለሙያዎች የሠሩት ነው። ካቴናው ሲላላ ብሩክሳል ላይ አንድ ብረት ቀጥቃጭ አስተካከለው። ከእንጨት የተሠራው ፍሬን እያለቀ ሲመጣ ባውሽሎት ላይ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲመታበት አደረገች፤ የፍሬን ሸራ አባት ይሄ ነው ይባላል። ልብ በሉ፣ ቀጥቃጩም ጫማ ሰፊውም በሕይወታቸው መኪና አይተው አያውቁም። ነገር ግን አንዱ ብረት፣ ሌላው ቆዳ ያውቃል። የተበላሸውም ነገር ዓይን የሚያየው፣ እጅ የሚዳስሰው ነበር። ውጭ ጋራዥ ማለት ይሄ ነው፤ ማኅተም የለውም፣ ሙያ ግን አለው።

ሦስተኛው ለፋብሪካው የቀረው ነው። መኪናው አቀበት አለመቻሉ የብልሽት ጉዳይ አልነበረም፤ የዲዛይን ጉድለት ነው። ይህን ቀጥቃጩ ሊያስተካክለው አይችልም። ቤርታና ልጆቿ ተመልሰው ለካርል ነገሩት፤ እሱም ለአቀበት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ አደረገለት። ይህ የካምፓኒ ሥራ ነው። ዛሬ አምራቹ ራሱ የሠራውን ስህተት ለማረም መኪኖችን መልሶ ሲጠራ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከጉዞው በኋላ

ጉዞው ወሬ ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም ሙኒክ ላይ በተደረገ ኤግዚቢሽን መኪናው የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ፓሪስ ላይ የቤንዝ ወኪል የነበረው ኤሚል ሮዤ መኪናውን ለፈረንሳዮች ይሸጥ ጀመር። በ1899 ፋብሪካው 572 መኪና አምርቶ በዓለም ትልቁ የመኪና አምራች ሆነ።

ቤርታ ግን በዚህ ድርጅት እስከ መጨረሻው አልቆየችም። በ1903 ካርል ከሌሎቹ ኃላፊዎች ጋር ባለመስማማቱ ከአመራር ወጣ። ቤተሰቡ ላደንቡርግ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ በ1906 ከልጆቹ ጋር ሌላ ፋብሪካ ከፈተ። ታላቁ ኩባንያ በ1926 ከዳይምለር ጋር ሲዋሃድ ቤንዝ የሚለው ስም ቀጠለ። ካርል በ1929 ሞተ። ቤርታ ከሱ በኋላ 15 ዓመት ኖረች። የካርልስሩኸ ተቋም በ95ኛ ልደቷ የክብር ሴናተር አድርጎ ሰየማት፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 5 ቀን 1944 አረፈች። የሄደችበት መንገድ ከ2008 ጀምሮ በስሟ የሚጠራ መታሰቢያ ሆኗል።

ታዲያ መኪናው የት ይግባ?

ከቤርታ ሕይወት እኔ የወሰድኩት፣ ካምፓኒ ወይስ ጋራዥ የሚለው ጥያቄ ከነአጠያየቁ የተንሻፈፈ መሆኑን ነው። መጠየቅ ያለበት ሥራው ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ የእግር ሥራ ከሆነ መኪናውን ለዓመታት የሚያውቅ ጥሩ መካኒክ ይበቃል፤ ዋጋውም ይሻላል፣ ዕቃው ሲፈታ ቆሞ ማየትም ይቻላል። ዋስትና ላይ ያለ መኪና፣ አምራቹ የጠራው መኪና፣ የአምራቹን ሶፍትዌር የሚፈልግ ብልሽት ከሆነ ግን ወደ ካምፓኒ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ያ ቀጥቃጭ ካቴናውን በዓይኑ አይቶታል፤ የዛሬ ብልሽት ግን ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። እውነት ነው፤ ጉዳዩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ቀጥቃጩ ሊሠራ የቻለው ሙያ ስላለው ብቻ አይደለም፣ መረጃው ስላልተደበቀበትም ነው። ሌሎች አገሮች ይህ ገብቷቸው ሕግ አውጥተዋል። አሜሪካ በ1975 ባወጣችው የዋስትና ሕግ አምራቹ በነፃ ካልሰጠው በቀር ዋስትናውን በራሱ ጋራዥና ዕቃ ላይ ማሰር አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው 1400/2002 ደንብ አምራቾች የጥገና መረጃን፣ የመመርመሪያ መሣሪያንና ሥልጠናን ለውጭ ጋራዦችም እንዲያቀርቡ አስገድዷል።

በእኛ አገር ደግሞ ጉዳዩ ይብስ ቀርቧል። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። ወኪል በሌለው መንገድ ለገባ መኪና ካምፓኒ የሚባል ምርጫ ከነጭራሹ የለም። ባለቤቱ ያለው ሰፈር ውስጥ ያለው ጋራዥ ነው። እዚያ ያለው ጎበዝ መካኒክ ካርቡራተር በጆሮው ያስተካክል ይሆናል፤ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚሸከም ባትሪ ፊት ግን ጆሮ አያድንም። ካልሠለጠነ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ጭምር ነው። ካምፓኒ የሚቀጠረው ተመራቂ መጠን ያለው ነው፤ ብዙዎቻችን የምንገባው ውጭ ጋራዥ ነው፣ ወይም ራሳችን እንከፍታለን። ማንዋል ማንበብ፣ በዲያግኖስቲክ መሣሪያ መሥራት፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥንቃቄ ማወቅ፣ የሠራነውን ጽፈን ደረሰኝ መስጠት ከአሁኑ ካልለመድን፣ ሕዝቡ ውጭ ጋራዥን ቢፈራ አይፈረድበትም። የማንችለውን ሥራ ይህ የኔ አይደለም፣ ካምፓኒ ውሰደው ማለትም ከሙያው ይቆጠራል። ቤርታ ቀጥቃጩን ማርሽ ጨምርልኝ አላለችም፤ ካቴናውን ለማስተካከል ብላም ማንሃይም አልተመለሰች። ይህን መለየት የቻለችው መኪናውን ስለምታውቀው ነው።