ካርተር ዉድሰን፦ የፖም ዛፍ በሌለበት አገር ያስተማረው መምህር

አምና ስንሰባሰብ ቡናው እስኪደርስ ከአንዲት የዶርም ጓደኛዬ ጋር ጥግ ይዘን ስናወራ ነበር። እኔ ወደ ሕክምና ስሄድ እሷ እንግሊዝኛ አጥንታ ዛሬ መምህርት ሆናለች። ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የአሜሪካን ታሪክ ታስተምራለች። ተማሪዎቹ የፕሬዚዳንቶቹን ስም ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ በሳምንቱ ይረሱታል። ምን ባደርግ ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ምን መልስ ይኖረኛል? ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ለዘንድሮው የዓመት መጽሐፋችን ጻፊ ስባልም የሱን ሕይወት መረጥኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርተር ዉድሰን በዲሴምበር 1875 ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኒው ካንተን በምትባል የገጠር ቦታ ተወለደ። አባቱም እናቱም በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሰዎች ናቸው። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበረ ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው የእርሻው ሥራ ጋብ ሲል ብቻ ነበር። አባቱ ማንበብ ስለማይችል ጋዜጣ የሚያነብለትም እሱ ነው።

ጎርመስ ሲል ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄዶ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሆነ። እዚያ ኦሊቨር ጆንስ የሚባል፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የዘመተ ጥቁር ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ጆንስ ቤቱን ለሠራተኞቹ መሰብሰቢያ አድርጎታል፤ መጽሐፍና ጋዜጣም ይገዛል፤ ማንበብ ግን አይችልም። ዉድሰን እንደሚያነብ ሲያውቅ ተስማሙ፦ ወጣቱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ የሚበላውን በነፃ ያገኛል። ማታ ማታ ሰዎቹ ተሰብስበው ያዳምጣሉ። ከዚያ ደግሞ በየተራ ስለ ጦርነቱና ስለ ባርነቱ ያዩትን ያወራሉ። እንግዲህ ዉድሰን የአሜሪካን ታሪክ መጀመሪያ የሰማው ፊደል ካልቆጠሩ፣ ነገሩን ግን ከኖሩት ሰዎች አፍ ነው። የታሪክ ፍላጎቱ የጠለቀው በዚያ ቤት እንደሆነ በኋላ ራሱ መስክሯል።

ሁለተኛ ደረጃ የገባው በሃያ ዓመቱ ገደማ ነው፤ በሁለት ዓመት ጨረሰው። በ1903 ኬንታኪ ከሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ ተመረቀ። በዓመቱ የኬንታኪ መንግሥት ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ በሕግ ከለከለ። አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ በሩ ይዘጋበት ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መንግሥት ቀጥሮት ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። አሜሪካ ደሴቶቹን ከስፔን ከተረከበች ገና አምስት ዓመት ገደማዋ ነው፤ የትምህርቱ ቋንቋም እንግሊዝኛ እንዲሆን ተደርጓል። ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተመረቁ አሜሪካውያን መምህራን የአገራቸውን መጻሕፍት ይዘው መጡ። ልጆቹ አይተውት ስለማያውቁት የፖም ዛፍ ይዘምራሉ፣ ማን እንደሆነ ስለማያውቁት ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ያነባሉ። ትምህርቱ ግን ጠብ አላለም።

ዉድሰን ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1933 ባሳተመው ስለ ጥቁሮች የተሳሳተ ትምህርት በሚናገረው መጽሐፉ፣ ይህን ያስታውሳል። የሚያመሰግነውም ራሱን አይደለም። ለንግድ የመጣ፣ መምህርነት ያልተማረ አንድ የኢንሹራንስ ሰው ነበር። ሰውዬው ክፍሉን ልጆቹ በሚያውቁት ዕቃ ሞላው፤ ስለ እባብ ሲያስተምር እባብ ይዞ ገባ። በፖሙ ዛፍ ፈንታ ልጆቹ ራሳቸው የሚያራግፉትን ሎምቦይ የተባለ ያገራቸውን ዛፍ አስዘመራቸው። በዋሽንግተን ፈንታ ደግሞ የራሳቸውን ጀግና፣ ስፔኖች የገደሉትን የዓይን ሐኪም ሆሴ ሪዛልን አስተማራቸው።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከፋኝ። እኛስ ኤ ብለን አፕል ስንል አፕል ቀምሰን ነበር እንዴ? ሕክምና ስማር በመጽሐፉ ሥዕል ላይ የኩፍኝ ሽፍታ ቀይ ነበር፤ ቆዳው የፈረንጅ ነዋ። ዋርድ ገብቼ የመጀመሪያዋን የኩፍኝ ታማሚ ሕፃን ሳይ ቀዩን ፈልጌ አጣሁት። አንዲት አንጋፋ ነርስ እጄን ይዛ ልጅቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና ሽፍታውን በጣቴ አስዳሰሰችኝ። መጽሐፉ አልዋሸም፤ እኔ የማያትን ልጅ ግን አያውቃትም።

ዉድሰን ከፊሊፒንስ ሲመለስ እስያንና አውሮፓን አየ። በ1908 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን፣ በ1912 ከሃርቫርድ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከዱ ቦይስ ቀጥሎ ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ ሁለተኛው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው። ሃርቫርድ ዶክተር ሲለውም ዋሽንግተን በሚገኝ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋና የአሜሪካን ታሪክ እያስተማረ ነበር። እዚያም ያው የፊሊፒንስ ችግር ጠበቀው። ልጆቹ አሜሪካውያን ናቸው፤ በአሜሪካ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ግን የሉም።

ስለዚህ የጎደለውን ሊጽፍ ተነሣ። በ1915 ቺካጎ ላይ የጥቁሮችን ሕይወትና ታሪክ የሚያጠና ማኅበር ከጥቂት ሰዎች ጋር መሠረተ፣ በ1916 መጽሔት ጀመረ፣ በ1921 ማተሚያ ድርጅት አቋቋመ። በ1926 በፌብሩዋሪ አንድ የታሪክ ሳምንት እንዲከበር አደረገ፤ በ1937 ደግሞ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ቀለል ያለ መጽሔት አወጣ። ሳምንቱ በ1976 ወር ሆኖ ዛሬም ይከበራል።

ዋጋ አላስከፈለውም አይባልም። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዲን ሆኖ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ባለመስማማቱ በዓመቱ ለቀቀ። ሰው የማይለዝብለት፣ ግትር ሰው ነበር። የሀብታም ድርጅቶች ገንዘብ ሲነጥፍ ከመምህራንና ከተራው ሕዝብ በሚዋጣ ሳንቲም ሥራውን ቀጠለ። አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። ዋሽንግተን ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ባለው ቤቱ ታች ቢሮው፣ ላይ መኝታው ነበር። በኤፕሪል 1950 እዚያው ሞተ።

ለጓደኛዬ ያልመለስኩትን አሁን ልሞክር። ተማሪዎችሽ ሁሉ የሚያውቁት አንድ ዓመት አለ፤ ዓድዋ፣ 1896። በዚያው ዓመት በግንቦት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ በተለያየ ባቡር ፉርጎ እንዲሳፈሩ የሚያዝዘውን የሉዊዚያናን ሕግ አጸደቀ። በዓመቱ መጨረሻ ሪዛል ማኒላ ላይ ተረሸነ። ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ አንድ ወጣት ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዘግይቶ የጀመረውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እየተማረ ነበር። ከፕሬዚዳንቶቹ ዝርዝር በፊት ከዚህ ዓመት ብትጀምሪስ? እንዴት እንደሆነልሽ ዘንድሮ ስንገናኝ ትነግሪኛለሽ። ቡናው በኔ ነው።