የባርኔጣ መርፌና የካልሲ ላስቲክ፦ የበርታ ቤንዝ ሕይወት

ባለፈው አርብ ጎህ ሳይቀድ፣ አል ሙንተዛህ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር፣ የመኪናዬን ካንዴላ እየለወጥኩ ነበር። ሞተር ካልቀዘቀዘ ካንዴላ አይነካም። በዶሃ ክረምት ደግሞ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የመኪና ክዳን በባዶ እጅ አይከፈትም። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ትስላለች። ካንዴላዎቹን ስፈታቸው ጫፋቸው ጥላሸት ለብሶ አገኘሁት።

ቃሉን ልንገርሽ፤ ሥራዬ ትርጉም ነውና አላልፈውም። ካንዴላ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፣ ሻማ ማለት ነው። አረብኛውም በመጽሐፍ ቋንቋ ሸምዓ ይለዋል፣ ያው ሻማ። ፍሬንም፣ ጎማም፣ ፍሪሲዮንም ከዚያው ከጣሊያን ነው የመጡት። ይህች ትንሽ ሻማ ጫፏ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የምትጠጋ ክፍተት አለቻት። በዚያች ክፍተት በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ዘሎ ሲያልፍ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ብልጭታው ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይበርቃል ማለት ነው።

ሦስተኛውን እየፈታሁ ያሰብኳት ሴት በርታ ቤንዝ ናት። የባሏን ስም ሳታውቂው አትቀሪም፤ የምትሠሪበት ቤት በር ላይ በቆመው መኪና ላይ ተጽፎ ይሆናል።

በርታ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1849 በደቡብ ጀርመን ፕፎርትስሃይም በምትባል ከተማ ነው። አባቷ ከአናጢነት ተነስቶ በግንባታ ሥራ ሀብት ያፈራ ሰው ነበር። ሴት ልጅ በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ አትገባም። በ1869 ካርል ቤንዝ የሚባል መሐንዲስ ተዋወቀች። ካርል እጁ ላይ ሙያ እንጂ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሕልሙም ያለ ፈረስ የሚሄድ ጋሪ መሥራት ነበር።

በ1871 ካርል ከአንድ ሸሪክ ጋር ማንሃይም ከተማ ውስጥ ወርክሾፕ ከፈተ። ሸሪኩ የማይታመን ሆነ፣ ሥራውም ሊዘጋ ደረሰ። በርታ ያኔ እጮኛ እንጂ ሚስት አልነበረችም። ወላጆቿ ለትዳሯ የመደቡላትን ገንዘብ ከሠርጉ በፊት አስወጥታ ሰጠችው፤ በዚያ ገንዘብ የሸሪኩ ድርሻ ተገዛ፣ ወርክሾፑም ዳነ። በሐምሌ 1872 ተጋቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁሚልኝ። በዚያ ዘመን ሕግ ያገባች ሴት በገዛ ገንዘቧ ላይ የማዘዝ ሥልጣኗ ወደ ባሏ ያልፍ ነበር። ስለዚህ በርታ በገንዘቧ የወሰነችው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ጥር 29 ቀን 1886፣ ባለ ሦስት ጎማው ሞተር ተሽከርካሪ ፓተንት ሲመዘገብ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የካርል ስም ብቻ ነው። ካርል ክፉ ሰው አልነበረም፤ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ውለታዋን አልደበቀም። ግን ውለታ ሌላ፣ ወረቀት ሌላ ነው። አንቺ በየወሩ የምትልኪው ገንዘብ አገር ቤት ቤት ከሆነ፣ ባጃጅ ከሆነ፣ የወንድምሽ ሱቅ ከሆነ፣ ሊብሬውና ካርታው በማን ስም እንደወጣ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እኔ ለሰው ብዙ ሰነድ ተርጉሜአለሁ። ይህን ጥያቄ ከጊዜው በኋላ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።

ወደ በርታ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ችጋር ነበሩ። በ1879 የፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከራት በኋላ፣ ሞተሩን አንድ ጊዜ ደግመን እንሞክረው ብላ ካርልን ወደ ወርክሾፑ የወሰደችው እሷ ናት። እምቢ ሲል የኖረው ሞተር በዚያች ሌሊት ተነሳ። ካርልን ከሁሉም በላይ ያስቸገረው ደግሞ ብልጭታው ነበር፤ ቤንዚኑን በትክክለኛው ቅጽበት ማቀጣጠል። ከባትሪ የሚነሳ ኤሌክትሪክ በሽቦ መጥቶ በካንዴላ ጫፍ እንዲበርቅ አደረገ። መላው ሠራ፣ ግን ዘላቂነቱ ገና አልተፈተነም ነበር።

መኪናው ተመዝግቦም የሚገዛው አልተገኘም። ሰው ፈራው። ካርል በባሕርዩ ድብቅ ነው፤ ያሻሽላል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ አውጥቶ አያሳይም። በነሐሴ 1888 በርታ ትዕግሥቷ አለቀ። አንድ ማለዳ ባሏ ሳያውቅ የ15 ዓመቱን ኦይገንንና የ13 ዓመቱን ሪቻርድን ይዛ መኪናውን ከግቢ አስወጣች። እናቷን ልትጠይቅ ወደ ፕፎርትስሃይም፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ። ከዚያ በፊት መኪናው ለሙከራ ያህል አጭር መንገድ ብቻ ነበር የሚሄደው።

ቪስሎክ ከተማ ሲደርሱ ነዳጅ አለቀ። ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። በርታ መድኃኒት ቤት ገብታ ሊግሮይን ገዛች፤ ለልብስ እድፍ ማስለቀቂያ የሚሸጥ፣ ቤንዚን መሰል ፈሳሽ ነው። ያ መድኃኒት ቤት ዛሬ የዓለም የመጀመሪያው ማደያ እየተባለ ይጎበኛል። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን የባርኔጣዋን ረጅም መርፌ ነቅላ ጠረገችው። ከዚያ የብልጭታው ሽቦ ልባሱ ተፍቆ ራቁቱን ቀረ። ሽቦ ራቁቱን ብረት ከነካ ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ያመልጣል፣ ሞተሩም ይጠፋል። የካልሲዋን ማሰሪያ ላስቲክ ፈታ ጠቀለለችበት። ሰንሰለቱ ሲላላ ቀጥቃጭ ጋ አቆሙ። የእንጨቱ ፍሬን ሲያልቅ ጫማ ሠሪ ቆዳ እንዲለብድበት አደረገች፤ የዛሬው የፍሬን ሸራ ዘር ከዚያ ይቆጠራል። ዳገት ላይ ልጆቹ ወርደው ይገፋሉ።

ይህን ሁሉ ያደረገችው ቦርሳዋ ውስጥና ልብሷ ላይ ባለው ነገር ነው። መካኒክነት የተማረች ሴት አልነበረችም። ግን ወርክሾፑ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ባሏ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ዓይን ብዙ ይማራል። አንቺም የሰው ቤት ማሽን ሲበላሽ ከሻጩ ቀድመሽ ድምፁን እንደምታውቂው ነው።

ሲመሽ ፕፎርትስሃይም ገቡ፣ ለካርልም ቴሌግራም ላኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሱ በመኪናው ተመለሱ። ከጉዞው ያመጣችው ትዝብት ተሰማ፤ ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ እንዲገባ ሆነ። ወሬውም ሰፋ፣ ገዢ መጣ። በ1899 ድርጅቱ በአንድ ዓመት 572 መኪና ሠርቶ ከዓለም አንደኛ ነበር። እኛ አገር መኪና የገባው ከበርታ ጉዞ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ለአጼ ምኒልክ አመጣ። ያን ጊዜ የሮበርት ቦሽ ድርጅት የባትሪውን ጣጣ የሚያስቀር፣ በከፍተኛ ቮልት የሚሠራ ማቀጣጠያ ካወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የእኔና የአሠሪሽ መኪና ካንዴላ ከዚያ ብዙም አልራቀም።

አራተኛውን አዲስ ካንዴላ በእጄ ብቻ አዙሬ አስገባሁ። ይህን ለሚሞክር የቤት ሹፌር ወንድሜ ልንገረው፦ መጀመሪያ በቁልፍ አትጀምር፤ ጥርሱ ከተጣመመ የሞተሩ ራስ ይበላሻል፣ ዋጋውም ከካንዴላው ብዙ እጥፍ ነው። በእጅህ እስከ መጨረሻው ገብቶ ሲያበቃ በቁልፍ ጥቂት ታጠብቀዋለህ፣ እንደ ጋዝ ሲሊንደር መታገል የለም። አንዱን ፈትተህ አንዱን ግጠም፣ ሽቦዎቹ እንዳይቀያየሩብህ። ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ሳትስል ተነሳች። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።

በርታ አምስት ልጆች ወለደች፣ ካርልን በ1929 ቀበረች፣ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ላደንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ኖረች። ግንቦት 3 ቀን 1944፣ 95 ዓመት በሞላት ዕለት፣ የካርልስሩኸ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ሴናተርነት ማዕረግ ሰጣት። ካርል ወጣት ሳለ በካርልስሩኸ የተማረው በዚሁ ተቋም ነበር። ማዕረጉን ይዛ የኖረችው ሁለት ቀን ነው።