ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖትና የየዕለቱ ተጋድሎ

ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዕረፍት በዓል ነው። በዓሉ የሚውለው ለሁለት ሱባዔ የሚጾመው የፍልሰታ ጾም ተፈጽሞ ብዙም ሳይቆይ በመሆኑ፣ ከመሀል አዲስ አበባ ጀምሮ እስከ ምሥራቃዊው ዳርቻ እስከ የካ አባዶ ድረስ ያሉ ምእመናን የጾሙ ድካም ገና ከሰውነታቸው ሳይወጣ ጻድቁን ያስባሉ። እኛም ይህንኑ ምክንያት በማድረግ፣ ራስን መካድና ሥጋን ማድከም ለመንፈሳዊ ሕይወት ምን ይረባል ለሚለው ጥያቄ የጻድቁ ዜና ሕይወት የሚሰጠውን መልስ በአጭሩ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ታኅሣሥ 24 ቀን በሸዋ ቡልጋ፣ በጽላልሽ ምድር ተወለዱ። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ይባላሉ። በልጅነታቸው ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ከክህነት ማዕረግ ከደረሱ በኋላም ቢሆን አደን የሚወዱ ጎልማሳ ነበሩ። ከዕለታት አንድ ቀን በአደን ላይ ሳሉ ለሌላ አገልግሎት ተጠሩ፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ከዚያም ሀብታቸውን ለድኾች መጽውተው፣ የቤታቸውን በር እንኳ ሳይዘጉ ወጡ። የተጋድሏቸው የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው፤ የሚመለሱበትን ቤት አላስቀሩምና።

ቀጥሎም በሸዋና በዳሞት እየተዘዋወሩ ወንጌልን ሰበኩ። በዳሞት የንጉሡ የሞተለሚ ተቃውሞ ብርቱ መከራ ቢያደርስባቸውም፣ በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ አምኖ መጠመቁን ገድሉ ይነግረናል። እንግዲህ ሰባኪነታቸው የታወቀ፣ ስማቸውም የተከበረ ካህን ነበሩ ማለት ነው። ብዙዎቻችን የማናስተውለው የሕይወታቸው ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጻድቁ በዚህ ክብር ላይ ሳሉ ወደ ሰሜን ተጉዘው እንደ ጀማሪ ደቀ መዝሙር ከመምህራን እግር ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ በአማራ ምድር ወደ አባ በጸሎተ ሚካኤል፣ ቀጥሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ አባ ኢየሱስ ሞዓ፣ በመጨረሻም በትግራይ በደብረ ዳሞ ወደ አባ ዮሐኒ ሄዱ። በየገዳማቱ የቆዩበት ዘመን ተደምሮ ሲታይ ሠላሳ ዓመት ያህል ይደርሳል። በገዳም ሥርዓት ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እህል መፍጨትና ለአረጋውያን መላላክ የአርድእት ድርሻ ነው። ንጉሥ ያሳመነ ሰባኪ በሌላው ትእዛዝ ሥር ውሎ ማደሩ፣ የራስን ፈቃድ በየዕለቱ መተው ምን እንደሆነ በግልጽ ያሳየናል። አንድን ታላቅ መከራ በአንድ ቀን መቀበል የሚቻለው ብዙ ሰው ይኖራል፤ ትንሹን ነገር ለሠላሳ ዓመት ያለ ማጉረምረም መፈጸም ግን ከዚያ የሚከብድ ይመስለናል።

ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ በ1276 ዓ.ም. አካባቢ በደብረ አስቦ ገዳማቸውን መሠረቱ። ይህ ቦታ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብረ ሊባኖስ የሚለውን ስም ያገኘው ታላቁ ገዳም ነው። በዚያ በዋሻ በዓት ዘግተው፣ በፊትና በኋላ፣ በቀኝና በግራ ስምንት ጦሮች ተክለው ቆመው ይጸልዩ ነበር። ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ቢሰበር በሌላው እግራቸው ሰባት ዓመት መጸለያቸውን ገድሉ ያወሳል። ቤተ ክርስቲያናችንም ጥር 24 ቀንን የስባረ አጽማቸው መታሰቢያ አድርጋ ታከብራለች።

በሥዕል ላይ የምናየው ይህንኑ የተሰበረ እግርና ስድስቱን ክንፍ ነው። ይሁን እንጂ ጻድቁ እግራቸው እንዲሰበር ብለው አልቆሙም፤ የቆሙት ለጸሎት ነው። ሕመሙ በመንገድ ላይ የመጣ ዋጋ እንጂ ግቡ አልነበረም። መከራ በራሱ ሰውን አያጸድቅም፤ ስንቱ በመከራ ተማሮ ከፈጣሪውም ከወንድሙም ተለይቷል። የሚያጸድቀው መከራውን ለፍቅር ሲሉ መሸከም ነው።

በ1305 ዓ.ም. አካባቢ ጻድቁ ካረፉ በኋላ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ይህን ትምህርት በየዕለቱ ሲለማመዱ ኖረዋል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ዲያቆናቱ በግፍ ሲጨፈጨፉ፣ ፋሽስቱ ጦር ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር ከአራት መቶ በላይ ነበር፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ያ ሞት ሌሎች በግፍ የጫኑባቸው እንጂ ራሳቸው የመረጡት አልነበረም። የመረጡት ከዚያ በፊት በየዕለቱ የኖሩትን የጾምና የጸሎት ሕይወት ነው።

ዛሬ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ቤተሰብ በዓት ሊዘጋ፣ በአንድ እግሩም ሊቆም አይጠየቅም። ነገር ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ወደ ሥራዋ የምትገሰግስ እናት፣ ውኃ በጠፋ ቀን የአረጋዊት ጎረቤቱን ጀሪካን በደረጃ ላይ ተሸክሞ የሚያወጣ ወጣት፣ ቂሙን ትቶ የወንድሙን በር የሚያንኳኳ አባት፣ ጻድቁ በአርድእትነታቸው ዘመን የሄዱበትን መንገድ ጀምረዋል። በጾሙ ከምሳችን የቀረው ለተራበው ካልደረሰ፣ ከአንደበታችንም ክፉ ቃል ካልቀነሰ፣ ድካማችን ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጾሙ ቢፈታም ራስን የመካድ ተግባር የሚፈታበት ቀን የለውም።

የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በረከታቸው በሁላችን ላይ ይደር። ለመላው ምእመናን መልካም በዓል እንመኛለን።